ያልተሰበረው ሸክላ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጭቃ ጋር ኖርኩኝ፣
በሸንበቆ ሹል ጫፍ ዕዳ እየወጋሁኝ።
ገብስ ስንት ቁና፣ ብሩ ስንት ሚዛን፣
ተበዳሪው እገሌ፣ ምስክሩ እነማን።

ኤፍራጥስ ሲሸሸን፣ ሲርቅ ከኛ ቅጥር፣
ቦዩ ደለል ጠጥቶ ማሳው ጨው ሲቋጥር፣
ሰው መጣ ወደ እኔ፤
መጀመሪያ በሬውን፣
ቀጥሎ ማሳውን፣
ኋላም ልጁን ይዞ፤
ሁሉንም ጻፍኩለት፣ እጄ ደንዝዞ።

እውነት ልናገር ካልኩ፣ አንዳንዴም ነበረ
በጌቶች ጥቅሻ ቁጥሩ የጨመረ።
አንድ ጭረት ማለት ለኔ ምንም አልነበር፤
ለሌላው አንድ ዓመት በሰው ደጅ መታሰር።

ከዚያ በአንድ ሌሊት፣ ጨረቃ ስታረጅ፣
ችቦ ተለኮሰ በምዕራቡ ደጅ።
የሰሜኑ ግንብም መለሰ በችቦ፤
ሰው ወጣ ከየቤት፣ ዓይኑ ብርሃን ተርቦ።
አባቶች ሲያወሩ ሰምተናል እንደ ወግ፤
እሳት በግንብ ማለት የዕዳ ስረዛ ሕግ።

ጎህ ሲቀድ ንጉሡ መጣ ወደ ቤቴ፣
ጫማው ጭቃ ነክቶ፣ ብቻውን፤ ራደ ጉልበቴ።
አጎንብሶ ገባ (መቃኔ ዝቅ ይላል)፤
«የቤተ መንግሥቱ ቅርጫት የቱ ነው?» ይላል።
አሳየሁት ፈርቼ፤ ከሁሉ ይልቃል፣
ከነጋዴው ኤቴል-ፒሻ፣ ከመቅደሱ ይበልጣል።
ዝም አለ ብዙ ጊዜ። ጺሙን አሻሸና፣
«ለካ እኔ ነኝ» አለ፣ «የአገሬ ጫና።»

ሎሌ አልጠራም፤ አንሥቶ ቅርጫቱን በጫንቃው
ተሸክሞ ወጣ፣ ከቦዩ ዳር ጣላው።
እኛም ተከተልነው፤
ሸክላ በሸክላ ላይ ሲሰበር ሰማነው፣
ልክ እንደ በረዶ ጣራ ላይ ሲወርድ።
አንድ ሽማግሌ ሳቀ፣ ሳቁ እንደ ማበድ።

ኤቴል-ፒሻ ቆሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣
«ጌታዬ፣ ይህ ሕዝብ ነገ ዘር ስጠኝ ብሎ
ሲመጣ ከደጄ ማን ያበድረዋል?
የተሰበረን ቃል ማን ደግሞ ያምነዋል?»
ጥያቄው ቀጥ ያለ፣ ነገሩም እውነት ነው።
ንጉሡም አልዋሸ፤ «አላውቅም» ነው ያለው።
«ያባቴን ጎተራ ልክፈተው ለዘር፤
ሰው የሌለው ማሳ ምን ያበቅላል? አፈር።
አፈር ላይ ልንገሥ ወይ?» ብሎ ሳይጨርሰው
ሳል ያዘው፤ አንዲት ሴት መጣች ገፍታ ሰው።

ሙሃዲቱም ትባላለች፣ ሱፍ ፈታይ መበለት፣
አንድ ልጇን ለገብስ ያስያዘች በጭንቅ ዕለት።
«ሸክላዬ ተሰብሯል፤ ልጄስ የታለ?» አለች።
አፒል-ኩቢ ግን የለም፤ ጀልባዋ ሄዳለች
ወደ ኤላም ገበያ፣ ወደ ባሕሩ አገር፣
የኛ ችቦ ብርሃን ከማይሻገር ድንበር።

ንጉሡ ወደ እኔ ቀስ ብሎ ዞረ፤
«እርጥብ ጭቃ አለህ?» አለ። እጄ ደነበረ።
«ጻፍ፤ ተበዳሪ ንጉሥ፣ አበዳሪ ይህች ሴት፤
ዕዳው አንድ ወንድ ልጅ፤ ወለዱ የየዕለት
እንቅልፍ። ቀጠሮ የለው። ምስክሩም ወንዙ።
እኔ ብሞት ልጄ ላይ፣ ከሱም ልጁ ላይ ይምጣ መዘዙ።»
ማኅተሙን ከአንገቱ ፈትቶ ተጫነው።
ስንት ችቦ በርቷል ከዚያ ወዲህ፤ ያንን አልሰበርነው።

መልእክተኛ ላከ፣ በጀልባ፣ በአህያ፤
ሁለቱ ባዶ እጅ መጡ፣ ሦስተኛው ቀረ እዚያ።
ኤቴል-ፒሻም እንዳለው፣ በሁለተኛው ወር
ሰው መጣ ሊበደር።
ከቦዩ ዳር ጭቃ፣ ያንን የድሮ ስባሪ
አብኩቼ ጻፍኩበት፤ ያው እኔ፣ ያው ቆጣሪ።
አውራ ጣቴ ግን በዚያ ቀን ጭረት አልጨመረም።

አሁን እሱ ሞቷል። ሐውልት የለው ባደባባይ።
ልጁ ነግሦ መጣ ሸክላዎቹን ሊያይ።
ያን አንዱን አንሥቶ በእጁ መዘነና፣
«ይህ ምንድነው?» አለኝ። አነበብኩለትና፣
ሁለታችንም ዝም።
በመስኮቴ በኩል፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣
ሙሃዲቱም ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች፤
እንዝርቷ ይሾራል፤
ወንዙን ታያለች።